መንገድ ሲቆፈር የሚወጣ ቀንድ

(አጭር የማሲንቆ ድምፅ)



ስካቫተር የቧንቧ ወይም የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ሲቆፍር ከአፈሩ ጋር አንድ የተቆረጠ ቀንድ ብቅ ቢል ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ሳንቲም ወይም ያልተሰበረ እንስራ ቢሆን ሠራተኛው ሁሉ ይሰበሰባል። ቀንድ ከሆነ ግን «የድሮ እርድ ነው» ይባልና ከአፈሩ ጋር ገልባጭ መኪና ላይ ይጫናል። የዛሬው ወሬያችን ስለዚሁ ሰው ስለማያየው ነገር ነው፤ ከመንገድ ሥር ስለሚወጣና የሰው እጅ ስለሠራው ቀንድ።

ወሬውን ራቅ ካለ አገር እንጀምር። የአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዋና ከተማዋ በደብሊን፣ ሃይ ስትሪት በሚባለው አሮጌ ጎዳና አካባቢ ሲቆፍሩ እጅግ ብዙ የቀንድ ቁርጥራጭ አገኙ። በመጋዝ የተቆረጠ ጫፍ ነበረ፤ የተፋቀ ግንድ ነበረ፤ ተጀምሮ ሳያልቅ የተጣለ ሚዶም ነበረ። ከ900 ዓመት በፊት ገደማ ሚዶ ሠሪዎች እዚያ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር ማለት ነው። በእንግሊዟ በዮርክ ከተማም ኮፐርጌት በሚባለው ጎዳና፣ የገበያ ማዕከል ሊሠራ ሲል፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1981 በተደረገው ቁፋሮ 40,000 ያህል ዕቃ ወጥቷል። ከዚያ ውስጥ ከአጥንትና ከቀንድ የተሠራው ጥቂት አይደለም።

ያ ቀንድ ግን የበሬ ቀንድ አይደለም። ዲር የሚባለው የፈረንጅ አገር አውሬ ቀንድ ነው፤ ቅርንጫፍ ያለው፣ በየዓመቱ የሚረግፍና በየዓመቱ እንደገና የሚበቅል። ሲበቅል ፀጉራም በሆነ ስስ ቆዳ ተሸፍኖ፣ ደም እየተመላለሰበት ያድጋል። ሲጠነክር ቆዳው ይደርቅና አውሬው ከዛፍ ጋር እያሸ ይልጠዋል። ከሥሩ የሚቀረው ድፍን አጥንት ነው። ለዛሬ እንዲመቸን «ረጋፊ ቀንድ» እንበለው። የጥንቶቹ ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ አውሬውን አድነው አልነበረም የሚያገኙት፤ ጫካ ገብተው የረገፈውን ይለቅሙ ነበር። ይህንንም የሚናገረው የቀንዱ መቀመጫ ነው። በራሱ ጊዜ የረገፈ ከሆነ ከሥሩ ክብና ሻካራ ሆኖ ይገኛል፤ ከታረደ አውሬ የተወሰደ ከሆነ ግን የራስ ቅሉ ቁራጭ አብሮት ይወጣል።

ሚዶው እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልንገራችሁ፤ እንዲህ ያለው ሥራ ሲነገር ደስ ይላል። ረጋፊ ቀንድ ጥንካሬው በቁመቱ ነው። አግድም የተቆረጠ ጥርስ ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ ሠሪው ትንንሽ ስስ ሳንቃዎችን በቁመት ይቆርጣል፤ ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል፤ ከግራና ከቀኝ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ያስደግፋቸዋል፤ ከዚያም በብረት ሚስማር ቀጥቅጦ ያጣብቃቸዋል። ጥርሱን የሚያወጣው በመጨረሻ ነው፤ ሁሉም ከተጣበቀ በኋላ አንድ በአንድ በመጋዝ እየሰነጠቀ። ለዚህ ነው በብዙ ጥንታዊ ሚዶዎች ዘንግ ላይ የመጋዙ ጭረት ተሰልፎ የሚታየው፤ እጁ ጥቂት አልፎ ሄዷል።

አንድ ቁራጭ ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል ደግሞ የዴንማርኳ ሪቤ ታሳያለች። ሪቤ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናት። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ከከተማዋ የወጡ የቀንድ ቁርጥራጮችን ፕሮቲን መርምረው አንዳንዶቹ ሬንዲር የሚባለው የዲር ዓይነት ሆነው አገኟቸው። ሬንዲር በዚያ ዘመን ዴንማርክ ውስጥ የለም፤ ከኖርዌይ በባሕር የመጣ ነው። እንግዲህ ቫይኪንግ የሚባሉት የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች ወረራ ከመታወቁ በፊት የኖርዌይ መርከበኞች ለንግድ ይመላለሱ እንደነበር የመሰከረው ሠሪው የጣለው ቆሻሻ ነው። ያማረውንና ያለቀለትን ሚዶ ገዢው ይዞት ሄዷል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ረጋፊ ቀንድ ያለው አውሬ እኛ ዘንድ የለም። በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የሚኖር የዲር ዘር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአልጄሪያና በቱኒዚያ ጫካ። የእኛ አጋዘን፣ ድኩላና ሚዳቋ፣ የባሌው ደጋ አጋዘንም ጭምር፣ ቀንዳቸው የበሬና የፍየል ዓይነት ነው፤ አንዴ ከበቀለ ዕድሜ ልክ ነው። እና እዚህ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ መንገድ ሲቆፈር ምን እንጠብቅ?

የበሬ ቀንድ ሁለት ነገር ነው። ውስጡ ከራስ ቅል የሚወጣ፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል አጥንት አለ። ላዩ ደግሞ ጥፍራችንና ፀጉራችን ከተሠሩበት ከኬራቲን የተሠራ ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ አጥንቱን የሚሸፍነው አፎት ሰይፍን እንደሚሸፍነው ነው። ከብቱ ታርዶ ቀንዱ ጥቂት ቀን ሲቆይ በመካከል ያለው ሥጋ ይበሰብስና ቅርፊቱ ተነቅንቆ ይወልቃል። ዋንጫ የሚሠራው ከዚያ ከወለቀው ቅርፊት ነው፤ አጥንቱ ይጣላል።

አፈር ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ዕድላቸው ይገለበጣል። የተጣለው አጥንት አፈሩ ከተመቸው ብዙ መቶ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። ዋንጫ የሆነውን ቅርፊት ግን ተሐዋስያን ይበሉታል። እጅግ ደረቅ ዋሻ ውስጥ ካልዋለ፣ አየር በማይገባው ረግረግ ካልተቀበረ፣ ወይም ከመዳብ ጋር ተጣብቆ ዝገቱ ካልጠበቀው በቀር ብናኝ እንኳ አይቀርለትም። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። የደብሊኑ ሚዶ ሠሪ ጅምር ሥራው ሳይቀር ሙዚየም ገብቷል። ወሎ ጠላና ጠጅ የጠጣበትን ዋንጫ ግን መሬቱ አያስቀረውም። ነገ አንድ የቁፋሮ ባለሙያ ጉድጓዱን አይቶ «እዚህ ሰዎች በሸክላ ብቻ ነበር የሚጠጡት» ቢል የሚያስተባብለው ዕቃ ከአፈሩ አያገኝም።

ቀንድ ደግሞ ለዋንጫ ብቻ አልነበረም። ዋግምት የሚነቅሉ ሰዎች ደም የሚስቡት በቀንድ ነበር። ባሩድ በቀንድ ይያዝ ነበር። የካራ እጀታ ከቀንድ ይሠራል። መለከትም ከቀንድ ነው። ትልልቁ ቀንድ ደግሞ ለብቻው የንግድ ዕቃ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ በገዢው በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ በነበረ ጊዜ ከደቡብ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሰንጋ ቀንድ ለሽያጭ እንደሚያመጡ ጽፏል። ከእሱ በፊት የመጣው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ «ቀንዱ ይህን ያህል የሚገዝፈው ከብቱ ታሞ ነው» ብሎ ነበር። ሶልት ግን ከብቶቹን በቁማቸው አየ፤ ጤነኞች ናቸው። ካገኛቸው ቀንዶች ትልቁ አራት ጫማ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር፤ ይህም ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ግርጌው ላይ ደግሞ ዙሪያው ሃያ አንድ ኢንች፣ ማለትም ከግማሽ ሜትር በላይ ነው። በቁማቸው ካያቸው ከብቶች የአንዱ ቀንድም ለንደን በሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሙዚየም ተቀመጠ። የራያን ከብት የምታውቁ የውጫሌና የመርሳ ሰዎች ይህ ብዙ እንደማይደንቃችሁ አውቃለሁ።

ሥራውም ቀላል አልነበረም። ቀንድ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። እሳቱ ከበዛ ያርራል፤ ካነሰ ይሰነጠቃል። ሠሪው በሙቀት አለስልሶ አፉን ያስተካክላል፤ ሾጣጣውን ጫፍ ቆርጦ ይጥላል፤ ቂጡን ይደፍናል፤ ከዚያ በቢላዋ ፍቆ ፍቆ ብርሃን እስኪያሳልፍ ያሳሳዋል። የተቆረጠው ጫፍ የሚወድቀው እዚያው ሠሪው በተቀመጠበት ነው፤ አጥንቱም አጠገቡ ይከመራል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ቆዳ ወደ ፋቂው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከነቀንዱ ስለነበር የከተማ ቁፋሮ ሲካሄድ የቀንድ አጥንት የሞላበት ጉድጓድ ከተገኘ ባለሙያዎች በአቅራቢያው ቆዳ ፋቂ ወይም ቀንድ ሠሪ ይፈልጋሉ።

በእኛም አገር ይህ ምልክት ሊያገለግል ይችላል፤ ምናልባት ከሁሉ ይበልጥ። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው በሙያቸው ሲሰደቡ የኖሩበት ታሪክ አለን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። የሚሰደብ ሰው ስሙ በታሪክ መጽሐፍ አይገባም። የቆረጠው ጫፍና የጣለው አጥንት ግን መሬት ውስጥ አለ። እኔ ብጠየቅ ከአንድ የመኳንንት መቃብር ይልቅ የአንድ ቀንድ ሠሪ ጓሮ ቢገኝ እመርጣለሁ፤ ስለ መኳንንቱ ብዙ ተጽፏልና።

(አጭር የማሲንቆ ድምፅ)

አድማጮች፣ እዚሁ ያለንበትን ውጫሌን እንመልከት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ሲፈረም ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ምኒልክ ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ ሰፍረዋል፤ ከጣሊያን በኩል ፒየትሮ አንቶኔሊ አለ። ስለ ውሉ፣ በተለይም ስለ 17ኛው አንቀጽ፣ ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተናል። ስለ ሰፈሩ ግን አንድ ነገር እናስብ። የንጉሥ ሠራዊት የሰፈረበት ቦታ የድንኳን ከተማ ነው። ድንኳኑ ተነቅሎ ይሄዳል። የሚቀረው አመድ ነው፤ ጉልቻ ነው፤ ገል ነው፤ በየቀኑ የታረደው ሰንጋ አጥንት ነው። እንዲህ ያለ መሬት ውስጥ የሚገባ ዶማ ከተራ ጉድጓድ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከእንስሳ አካል የተሠራ ዕቃ በኢትዮጵያ ምድር ጨርሶ አይቆይም ማለቴ አይደለም። ኮንሶ ውስጥ የተገኘ አንድ የእጅ መጥረቢያ አለ፤ ከጉማሬ ጭን አጥንት የተጠረበ፣ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፤ ዕድሜው 1.4 ሚሊዮን ዓመት። ዮናስ በየነና ብርሃነ አስፋው ያሉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ነው ለዓለም ያሳወቀው። በዚያ ዘመን ድንጋይ ሞልቶ ሳለ አጥንት መርጦ የጠረበ ሰው፣ ዘመናዊው የሰው ዘር ከመታየቱ በፊት የነበረ ፍጡር ነው። ጉማሬ ደግሞ ለወሎ እንግዳ አልነበረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሐይቅ እስጢፋኖሱ ሐይቅ ውስጥ ጉማሬ እንደነበረ ጽፏል።

አክሱም ላይ ደግሞ የዝሆን ጥርስ አለ። የጡብ ቅስቶች መቃብር በሚባለው ውስጥ ዴቪድ ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲቆፍር የወይን ሐረግና እንስሳት የተቀረጹባቸው የዝሆን ጥርስ ቁርጥራጮች ወጥተዋል፤ የመንበር ጌጥ እንደነበሩ ይታሰባል። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር ንግድ መምሪያ ከአዱሊስ ወደብ ከሚላኩት ዕቃዎች መካከል የዝሆን ጥርስን፣ የኤሊ ቅርፊትንና የአውራሪስ ቀንድን ይቆጥራል። ልብ በሉ፤ ከነዚህ የዝሆኑ ጥርስ በመቃብር ቆይቷል። የአውራሪስ ቀንድ ግን ከጫፍ እስከ ጫፉ ኬራቲን ነው፤ አጥንት እንኳ የለውም። የተላከውን የሚነግረን ወረቀቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ አፈሩም ይወስናል። ዋልካ አፈር ብዙ ጊዜ አሲድ ስለማይበዛበት አጥንትን አይጎዳም። ሌላ ጣጣ ግን አለው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ክንድ ያስገባል። ዛሬ ከእጃችሁ የወደቀ ሳንቲም እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ከመቶ ዓመት ዕቃ ጎን ሊቀመጥ ይችላል። ክረምት ሲገባ አፈሩ ያብጥና ይዘጋዋል፤ ምልክቱም ይጠፋል። ስለዚህ ዋልካ ላይ ጥልቀት ብቻውን ዕድሜ አይናገርም። ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ቀይ አፈር ደግሞ አሲዱ አጥንቱን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል።

ቦይ ስትቆፍሩ የወጣው ቀንድ የሰው እጅ የነካው መሆኑን በምን ትለያላችሁ? መጀመሪያ ጫፉን ተመልከቱ። በራሱ የተሰበረ ከሆነ ጠርዙ ወጣ ገባ ይላል፤ በመጋዝ የተቆረጠ ከሆነ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ላዩ ላይ ትይዩ ጭረቶች ይታያሉ። መጥረቢያ ያረፈበት ዘንበል ያለ ስለት ይኖረዋል። የአጥንቱን ግርጌ ዞር አድርጋችሁ እዩ፤ ቅርፊቱን ለማውለቅ ቢላዋ ዙሪያውን የሄደበት ቀጭን መስመር ሊኖር ይችላል። ክብ ቀዳዳ፣ እጅ ያለሰለሰው ገጽ፣ አንድ ዓይነት ቁራጭ በብዛት መገኘት፣ እነዚህ ሁሉ ምልክት ናቸው። ውሻ ያኘከው ግን ጥንድ ጥንድ የጥርስ ጉድጓድ አለው፤ እሱን አትቁጠሩት።

ካገኛችሁ ደግሞ አትጠቡት፤ አፈሩ ራሱ ማስረጃ ነው። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ እርጥብ የቆየ አጥንትና የዝሆን ጥርስ በድንገት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በሙጫ አታጣብቁት። ከተቻለ ከቦታው ሳይነሣ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጣችሁ በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ከመንገዱ ጠርዝ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ከላይ ስንት ሜትር እንደወረደ ጻፉ። ከዚያ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው፤ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ራሷ ውጫሌ ስለሆነች ሩቅ መሄድ የለም።

ይህ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት ስለሚገኙ ቅርሶች የራሱ አንቀጽ አለው፤ 41ኛው። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ሥራ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና ተረካቢው እስኪመጣ ሳይነካ እንዲጠብቀው ያዛል። ያገኘውን ላስረከበ ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው፣ ያወጣው ወጪ ካለም እንዲተካለት ይላል። የቅርስ ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ ደግሞ ያገኘው ሰው ዝርዝሩን በጽሑፍ ለክልሉ መንግሥት አሳውቆ ከኃላፊነት መውጣት ይችላል። ሕጉ ሲወጣ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት አሁን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ኮንትራክተሮች ሥራ እንዳይቆም ስለሚሰጉ ዝም ማለት ይመርጣሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ቦዩን ጥቂት ሜትር አልፎ ሌላ ጎን መቆፈር የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ደግሞ እውነቱን እንናገር፤ ትልልቁን ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ምሁር አይደለም። አክሱም ላይ ከንጉሥ ኢዛና ባለ ሦስት ቋንቋ የድንጋይ ጽሑፎች አንዱን ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። በውቅሮ አጠገብ አልመቃ የሚባለው የጥንት አምላክ ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ2007 የታወቀው በአካባቢው ነዋሪዎች አማካይነት ነው። የድንጋይ ዘመን ቦታ የሆነውን መልካ ቁንጡሬን እ.ኤ.አ. በ1963 ያየው የሆላንዱ ሰው ጄራርድ ዴከር የውኃ ባለሙያ ነበር፤ ቦታው እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ባለሙያም ሲያገኝ አንዳንዴ በሌላ ሥራ አጋጣሚ ነው፤ ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ሊተከል ሲል እ.ኤ.አ. በ2005 መሬቱ በመሣሪያ ሲፈተሽ ደግሞ ሰዎች መኪና በሚያቆሙበት ሜዳ ሥር ትልልቅ የመቃብር ክፍሎች እንዳሉ ታወቀ።

አንድ ሥራ ግን ለስካቫተርም ለባለሙያም የማይተው አለ። አፈሩ ዋንጫውን አያስቀርልንም ካልን ዋንጫው ያለው ቤት ውስጥ ነው፤ ጎታ ጀርባ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አንዳንዱም ጠርዙ ተሰንጥቆ በሽቦ የተጠገነ። የውጫሌና የሐይቅ ተማሪዎች፣ ለክረምቱ ይህን ሞክሩት። አያቶቻችሁ ዘንድ ሂዱና ዋንጫውን አስወርዱ። ቁመቱንና የአፉን ስፋት ለኩ። ቀንዱ የየት አገር ከብት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ የራያ ነው? የአፋር ነው? የራሳቸው በሬ ነው? ማን ሠራው፣ የት ገበያ ተገዛ፣ በምን ተለወጠ? ቂጡ የተደፈነው በምንድን ነው? ለማን ቀርቦ ነበር፤ ለሠርግ፣ ለማኅበር፣ ለደቦ? ቤቱ የሙስሊም ከሆነና ዋንጫው ለወተት ወይም ለውኃ ከሆነ እሱንም ጻፉ። ሁለት ግልባጭ አድርጉት፤ አንዱ በትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ አንዱን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ስጡ። ባለ ዋንጫዋ እናት ስሜ አይጻፍ ካሉ ዋንጫው ብቻ ይጻፍ።